የጋራው ዲስክ

ስድስት መደመርና ስድስት መቀነስ ያው ነው የሚለኝ ሰው ዛሬም ድረስ ደሜን ያፈላዋል። እንዲህ የሚሉኝ ሞኞች ቢሆኑ ባልከፋኝ፤ የተማሩ፣ ሰዓት በእጃቸው ያሰሩ ሰዎች ናቸው። ፈረንጅ «አምስት ሰዓት» ሲል እኛ «አሥራ አንድ» እንላለን። ስድስት ጨመርሽ ስድስት ቀነስሽ፣ የግድግዳው ሰዓት ላይ ጣትሽ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፣ ታዲያ ምኑ ያጨቃጭቃል ይሉኛል። የሚያጨቃጭቀኝ፣ በዚህች «ያው ነው» ምክንያት አንድ ሽማግሌ ዲላ ወህኒ ቤት ሲገባ ስላየሁ ነው።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። እኔ ዲላ ከተማ፣ አንድ የቡና ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። የዲላ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ መጀመሪያ ሱቅ ከፈተ፣ ቀጥሎ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ገዛ፤ እቤታችን ስለ ጎማና ስለ አቡጀዲ እንጂ ስለ ኮምፒውተር ተወርቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ለኮርስ ስላክ ጎረቤቱ በሙሉ «ታይፕ ልትማር ሄደች» አለ። ተምሬ ስመለስም ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ይመጡ ነበር። ይህ ማሽን አማርኛ አይጽፍም ስላቸው፣ እኔ ሰንፌ እንጂ ማሽኑ አቅቶት አይመስላቸውም።

ኮምፒውተሩ ያለባት ክፍል ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ምንጣፍ የተነጠፈባት እሷ ብቻ ነበረች። ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን። አቧራ እንዳይገባበት ነው ይባላል፤ መስኮቱ ግን የቡና መኪናዎች በሚያልፉበት መንገድ በኩል ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ይውላል፤ አለዚያ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ኃላፊያችን ከአዋሳ ወይ ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጫማ አስወልቆ ያስገባና «ይህ ማሽን አይሳሳትም» ይላል። እኔና የሥራ ባልደረባዬ በካልሲ ቆመን እንሰማለን።

እሸት ቡና ቀልድ አያውቅም። ቀን የተለቀመው በዚያው ምሽት መፈልፈያ ማሽን ውስጥ መግባት አለበት። ጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል፣ ከደህናው ጋር ከተቀላቀለም ደህናውን ይዞት ይጠፋል። መኪናው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ የትኛው መኪና መቼ የት መድረስ እንዳለበት የሚያወጣ ፕሮግራም አስፈለገ፤ የጻፍነውም እኔና ባልደረባዬ ነን። የቡና ጣቢያዎቻችን ሦስት ነበሩ፤ ለጪጩ አንድ፣ ለዱመርሶ አንድ፣ ለኮንጋ አንድ። የሦስቱ ጠባይ ስለሚለያይ ለየብቻ መሆን ነበረበት። ጪጩ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ዱመርሶ መፈልፈያ አላት፤ ኮንጋ ግን በዚያ ዓመት መረከቢያ ብቻ ነበረች። ገበሬው እሸቱን ኮንጋ ያስረክባል፣ መኪና ጭኖ ዱመርሶ ያደርሰዋል።

ሦስቱም ፕሮግራሞች ውስጥ ግን አንድ ዓይነት የሆኑ ገጾች ነበሩ፤ የፈረንጅን ቀን ወደኛ ቀን የሚመልስ፣ የፈረንጅን ሰዓት ወደኛ ሰዓት የሚመልስ፣ መኪናዎቹን የሚደለድል። መጀመሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው እየገለበጥን ነበር የሠራነው። ውጤቱ መከራ ሆነ። አንዱ ጋ ስህተት ስናርም ሌላው ጋ እንረሳለን። አንዴ ለሙከራ ባወጣነው ዝርዝር ላይ ጪጩ ጳጉሜ ውስጥ ስትሆን ዱመርሶ ጳጉሜ የሚባል ነገር ሰምታ የማታውቅ ሆና ተገኘች፤ ነሐሴን ጨርሳ መስከረም ገብታለች። በአንድ ሰማይ ሥር ሁለት ዘመን መለወጫ።

የጋራውን ለብቻው እናውጣው ያልኩት እኔ ነኝ። እነዚያን ገጾች ከሦስቱም አውጥቼ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ አስቀመጥኳቸውና በላይዋ «የጋራ» ብዬ ጻፍኩባት። ከዚያ በኋላ የማንኛውንም ጣቢያ ፕሮግራም ስንገነባ የጋራውን ዲስክ በግራው ቀዳዳ፣ የጣቢያውን ዲስክ በቀኙ ቀዳዳ እናስገባለን፤ ማሽኑ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቶ የሚሠራ ፕሮግራም ያወጣልናል። ስህተት ሲገኝ አንድ ቦታ ይታረማል፣ ሦስቱም ይድናሉ። ኃላፊያችን «የጋራ» የሚለውን ቃል ሲያይ ፊቱ በራ። በወሩ ሪፖርት ላይ «ኅብረተሰባዊ አሠራርን በመከተል» የሚል ጨምሮ ላከው። ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀንም አልጠየቀኝም።

አንድ ቦታ ሲታረም ሦስቱም ይድናሉ ማለት፣ አንድ ቦታ ሲበላሽ ሦስቱም ይታመማሉ ማለት ነው። ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ ሕግ አወጣሁና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የጋራውን ዲስክ የነካ ሰው ሦስቱንም ፕሮግራሞች እንደገና ይገንባ። ከገነባ በኋላ የሦስቱንም ዝርዝር አውጥቶ በዓይኑ ይይ። ሳያይ ለማንም አይስጥ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

ባልደረባዬ ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር፤ ጎበዝ፣ ክፋት የሌለበት፣ እናቱን የሚጦር ልጅ። አንድ በሽታ ብቻ ነበረበት፣ ለሁሉም ነገር «ሁለት ደቂቃ ናት» ይላል። ከዜሮ የሚጻፍ ፕሮግራምም ሁለት ደቂቃ ናት፣ ምሳ መብላትም ሁለት ደቂቃ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ስተርትበት «እሷ ኮምፒውተር አልነበራትም» ይለኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጥርሴን ያስነክሰኛል።

ሌላው መከራዬ የኮንጋው መረከቢያ ኃላፊ ነበሩ። እኚህ ሰው በየቀኑ በሬድዮ መገናኛው ይጠሩኛል፣ በየቀኑ ይከራከሩኛል።

«ልጄ፣ መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ትመጣለህ ብለሽ ነበር፤ የታለች?» ይሉኛል። የጌዴኦ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ ወንዱና ሴቱ ይቀላቀልባቸዋል።

«ጋሼ፣ መኪናውን እኔ አልነዳውም።»

«አንተ አይደለህ የጻፍከው?»

«ማሽኑ ነው ያወጣው።»

«ማሽኑን ማን ነው የነገረችው?»

ቀድሞ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ነገር ይዘው አይለቁም፤ ተማሪ እንደሚቀጣ ሰው መልሴን ይጠብቃሉ። ቸርቻቸው በታሸገ ጊዜ ጎረቤት እቤታቸው ሰብስበው ጸለዩ ተብለው ታስረው ተፈተዋል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ አነጋገር «ፋይል ያላቸው» ሰው ናቸው። ፋይል ያለው ሰው ዝናብ ሲዘገይም ይጠየቃል።

ቡናው በደረሰበት፣ ሥራው በጋለበት ሰሞን የፕሪንተሩ ሪባን አለቀና ለማምጣት አዋሳ ሄድኩ። እኔ በሌለሁበት ጪጩዎች በሌሊትም መሥራት ጀመሩ። ፕሮግራማችን ከፈረንጅ ሰዓት ላይ ስድስት እየቀነሰ ነው የኛን የሚያወጣው። ፈረንጅ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ሲል ስድስት ቢቀንሱበት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ይህን ያላሰብንለት ማሽን ዝርዝሩን አቋርጦ ቆመ። መፍትሔው አንዲት መስመር ነበረች፤ ከዜሮ በታች ከወረደ ሃያ አራት ጨምርበት ማለት። ባልደረባዬ ግን ሁለት ደቂቃ ነው ያለው። የመቀነስ ምልክቷን ሰረዘ፣ የመደመር ምልክት አስገባ። ሁለትና ስድስት ስምንት። እውነትም ለእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የጪጩ ዝርዝር ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ሰዎቹ ተጠራርተው የሚሰማሙ ስለሆኑ ቁጥሩ ብቻ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ሠራለት።

የነካው ግን የጪጩን ዲስክ አይደለም፤ የጋራውን ነው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሕጌን ግማሹን አከበረ። ግድግዳው ላይ እንደሚለው ሦስቱንም ፕሮግራሞች እንደገና ገነባ። ያየው ግን የጪጩን ዝርዝር ብቻ ነው። ጭራሽ ባያከብረው ኖሮ ኮንጋና ዱመርሶ በድሮው ፕሮግራማቸው ይቀጥሉ ነበር፣ ምንም አይመጣም ነበር። ጨርሶ ቢያከብረው ደግሞ ስህተቱን እዚያው ያየዋል። ከዚህ ሁሉ መንገድ መርጦ ግማሿን ያዘ።

የኮንጋ መኪና የሚደርሰው ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ገበሬው ለቅሞ የሚጨርሰው ያኔ ነው። ማሽኑ ይህን ሰዓት አሥራ ሰባት ብሎ ነው የሚያውቀው። ስድስት ሲቀንስ አሥራ አንድ ይሆናል። እስከ አሥራ ሁለት ያለው ቀን ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው ሌሊት ነው ብለን ነግረነዋል። አሁን ስድስት ሲደምር ሃያ ሦስት ሆነ፤ ከአሥራ ሁለት በላይ አሥራ አንድ፣ ማለትም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ቁጥሯ ያቺው አሥራ አንድ ናት። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሙሉ ሌሊት አለ።

የታይፕ ሠራተኛዋ የወጣውን ወደ አማርኛ ገልብጣ ለሾፌሩ ሰጠችው። ሾፌሩ አልገረመውም፤ የጭነት መኪና ጎህ ሳይቀድ መንቀሳቀሱ ልማዱ ነው። የዱመርሶ ዝርዝርም ያንኑ ስለሚል እነሱም ሠራተኞቻቸውን ለንጋት ቀጠሩ። የሬድዮ ኦፕሬተሩ ለኮንጋ «መኪና አሥራ አንድ ሰዓት» ብሎ አስተላለፈ። የቀን ይሁን የሌሊት አላለም፤ ብሎም አያውቅ። ኮንጋ ያሉት ሽማግሌ ኃላፊ እንደ ሁልጊዜው ገበሬውን ለቀኑ አሥራ አንድ ጠሩ። እንግዲህ ፈልጉ ብትሉኝ ከመካከላቸው አንድም ያጠፋ ሰው አላገኝም።

መኪና አልመጣም። ሽማግሌው ሬድዮ ቢጠሩ መሥሪያ ቤታችን ተዘግቷል። የቻሉትን ያህል እሸት ከጆንያ አውጥተው መሬት ላይ አሰጡ፣ የእንሰት ቅጠል አለበሱት፣ የተረፈው በጆንያው አደረ። ጎህ ሲቀድ መኪናው በሰዓቱ፣ ያውም ሳያዛንፍ ደረሰ። ጭኖ ዱመርሶ ሲያደርሰው አብዛኛው ሽታው ተለውጦ ነበር። ከቀትር በፊት ሽማግሌው ተይዘው ዲላ መጡ። የመንግሥት ቡና ሆን ብሎ አበላሽቷል፣ አሻጥር ነው ተባለ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ከአንድ ሰው ላይ ከተለጠፈ መልሶ የሚልጠው አልነበረም፤ በዚህ ምክንያት ወጥቶ የቀረ ሰው እናውቅ ነበር።

እኔ ይህን የሰማሁት ሪባኔን ይዤ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ነው። በቀጥታ ወደ ክፍሏ ሄድኩ። ጫማዬን ማውለቄን አላስታውስም። የኮንጋን ዝርዝር አውጥቼ አየሁት። ከዚያ ባልደረባዬን ጠራሁት።

«የጋራውን ማን ነካው?»

«እኔ። የጪጩ ፕሮግራም ቆሞ ነበር። ሁለት ደቂቃ ናት የፈጀችብኝ።»

«ምን አደረግክ?»

«መቀነሱን መደመር አደረግኩት። ስድስት ያው ስድስት ነው፣ እህቴ።»

ዝርዝሩን ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት። ሲያነበው፣ ደግሞ ሲያነበው ቆየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እሄዳለሁ፣ ነገሩን ለሚያጣራው ኮሚቴ አስረዳለሁ» አልኩት።

«እኔም ፋይል አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። ከቡልጋሪያ ና በተባለበት ጊዜ አልመጣም ተብሎ ተጽፎበት እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። «እኔ ነኝ ካልኩ እዚያው እቀራለሁ።»

«እኔ የማስረዳው ስለ ሰዓት ነው፣ ስለ ሰው አይደለም» አልኩት። በዚህ ንግግሬ ከልቤ አምን ነበር። ስህተት ያለ ባለቤት ሊቆም የሚችል ነገር ይመስለኝ ነበር።

ኃላፊያችን ጋ ስገባ ገና ሳልጨርስ እጁን አነሳ። «ማሽኑ አይሳሳትም። ይህን ለስንት እንግዳ ተናግሬያለሁ» አለኝ።

«ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ጓድ ኃላፊ። የተነገረውን ነው ያደረገው።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ልበል? ማሽኑ ካልተሳሳተ ሰውዬው ነው የተሳሳተው።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይህ ነው። እየለመንኩም፣ እየተቆጣሁም አንድ ነገር አገኘሁ፤ ኮሚቴው በማግሥቱ ሽማግሌውን ሲጠይቅ ገብቼ እንድናገር ፈቀደልኝ። የፈቀደልኝም አምኖኝ አይደለም፤ ጩኸቴ ሰልችቶት ነው።

ኮሚቴው የተቀመጠው በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ነው። ሊቀመንበሩ መካከል ላይ ነበር፤ በአንዱ ጎኑ ኃላፊያችን፣ በሌላው ጎኑ ከፓርቲ የመጣ ካድሬ። ሽማግሌው ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ኮታቸው ላይ ደርቆ የቀረ የቡና ፍሬ ልጣጭ አለ። ባልደረባዬ እንደ ባለሙያ ተጠርቶ ከኋላ ተቀምጧል።

የግድግዳውን ሰዓት አውርዱልኝ አልኩ። አወረዱልኝ። ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ፣ «ፈረንጅ አምስት የሚለው ይኸውላችሁ። ስድስት ወደ ኋላ ልቁጠር» ብዬ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ አረፈ። «አሁን ስድስት ወደ ፊት ልቁጠር።» ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ላይ አረፈ።

ሊቀመንበሩ ኃላፊያችንን አየው። ኃላፊያችን ሊቀመንበሩን አየው።

«ያው ነዋ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቁጥሩ ያው ነው፣ ጓድ። ሰዓቱ ግን ያው አይደለም።»

«ሰዓቱ አሥራ አንድ አይደለም?»

«አሥራ አንድ ነው።»

«ታዲያ ጓዲት ምን ትላለች?» ብሎ ወደ ኃላፊያችን ዞረ። ኃላፊያችን ትከሻውን ነቀነቀ።

ያን ጊዜ ሰዓቱን አንስቼ መሬት ላይ መፈጥፈጥ አምሮኝ ነበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አጎንብሰው፣ አንዱ በጣቱ፣ አንዱ በእስክሪብቶ ጫፍ፣ ስድስት ወደዚህ ስድስት ወደዚያ እየቆጠሩ በደረሱ ቁጥር እርስ በርስ ይስማማሉ። ከእነሱ ጋር ደግሜ ቆጠርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከዚያ ዘዴዬን ለወጥኩ። ሰዓቱን ተውኩና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛሬ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እቤትዎ እራት ጠርተውኛል እንበል» አልኩት። «እኔ ነገ ጎህ ሲቀድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብመጣስ?»

«እራቱ ያድራላ» አለ።

«ቡናውም አደረ።»

ሊቀመንበሩ ገና ግንባሩን ቋጥሮ ነበር፤ ካድሬው ግን ቀና አለ። ከሦስቱ ልጅ እግሩ እሱ ነው፣ ዓይኑ ላይ ነገሩ ሲበራለት አየሁ።

«ቆይ» አለ። «ማሽኑ ሲቀንስ ቀን ያወጣል። ሲደምር ሌሊት ያወጣል።»

«አዎ።»

«ሾፌሩ የሌሊቱን ይዞ ሄደ። እኚህ ሰውዬ የቀኑን ጠበቁ።»

«አዎ። ትክክል ነው። እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

ከአዋሳ ከተመለስኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው የምለው ገባው። አስተማሪ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ደሞዜን በሥራዬ አገኘሁት እል ነበር።

ካድሬው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ። «ቀድሞ ይቀንስ ነበር አይደል?» አለ።

«ይቀንስ ነበር።»

«እንግዲያው መደመር ያደረገው ሰው አለ።»

ከኋላዬ የባልደረባዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞር ብዬ አላየሁትም።

«ማነው?» አለ ካድሬው።

አፌን ከፍቼ ነበር። ምን ልል እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ቃል ሳይወጣኝ ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሱ።

«ጓዶች» አሉ፣ በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ልጁ ለእኔ አዝናለህ ነው ይሄን ሁሉ የምታወራው። ጥፋቱ እኔ ነኝ። ሬድዮ ሌሊት ነው ብሎኛል፣ እኔ ረሳሁት። ገበሬ በቀን ጠራሁ። አርጅቻለሁ፣ ተሳሳትኩ። አሻጥር አይደለም።»

«ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም» አልኩ።

«እንደሱ ነው» አሉኝ፤ ተማሪ ዝም በል እንደሚባለው።

ሊቀመንበሩ የተገላገለ መሰለ። የሰዓት ቆጠራው አድክሞት ነበር፤ አሁን የሚገባው ነገር አገኘ። ኃላፊያችንም ማሽኑ ስለዳነለት ደስ አለው። ካድሬው ለጥቂት ጊዜ እኔን፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየ። ጥያቄውን ግን አልደገመም። አሻጥር መባሉ ቀርቶ በቸልተኝነት ተፈረደባቸው፤ ወህኒ ቤት ገቡ፣ ከሥራቸውም ተባረሩ። የግድግዳው ሰዓት ተመልሶ ተሰቀለ።

በዚያው ሳምንት የጋራው ዲስክ ታገደ። «ለየጣቢያው የየራሱ ይሁን፤ ተጠያቂው እንዲታወቅ» ብሎ ኃላፊያችን አዘዘ። አንድ ቦታ ላርመው የምችለውን ሦስት ቦታ ተቀምጬ አረምኩ። ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ ዲስክ ያቀብለኝ ነበር፤ ያን ቀን ሁለት ደቂቃ ናት አላለም። ስንጨርስ ከመሳቢያው አንድ ኪሎ ስኳር አውጥቶ «ለእሳቸው አድርሺልኝ» አለኝ። ራስህ አድርስ ልለው ነበር፤ ተውኩትና ተቀበልኩት።

እሑድ ስኳሩን ይዤ ወህኒ ቤት ሄድኩ። ሥጋ ይዤ እንዳላስቸግራቸው ብዬ ምስር ወጥ ነው የወሰድኩት። ሙስሊም ስለሆንን የእኛ ቤት ሥጋ ለእሳቸው እንደማይሆን እናቴ አስባልኝ ነው። በእንጨቱ አጥር በኩል ተቀብለው ከፍተው ቀመሱ። «ጨው ታበዛለህ» አሉኝ።

ይህን ሲሉ የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ። የዘብ ወታደሩ ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ተናገርኳቸው። ማንም ያልገባውን ነገር ስንት ለፍቼ እንዳስገባሁ፣ ካድሬው በቃ ገብቶት እንደነበር፣ ሁለት ቃል ቢታገሡ ነፃ እንደሚወጡ፣ ያውም ሃይማኖታቸው ውሸት የማይፈቅድ ሰው ሆነው በሁላችን ፊት መዋሸታቸውን፣ የልፋቴን ሁሉ ገደል መክተታቸውን። ንዴቴ እንባ ሆኖ ሲመጣ ይበልጥ ተናደድኩ።

እንደ ሬድዮው ጊዜ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የወጡን ክዳን መልሰው ገጠሙ።

«ጥሩ አስተማሪ ነህ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሰዓቱን ስታወርጂው እኔ ገብቶኛል። እነሱ ሳይገባቸው ሳለ የተያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሲገባቸው ግን ከኋላሽ የተቀመጠውን ልጅ ይወስዱታል፣ ፕሮግራሙን የጻፍሽውን አንቺንም ይወስዱሻል። ያ ወጣቱ ካድሬ ሲገባው አየሁ። ያኔ ነው የፈራሁት።»